«ዳንቴል ይዘሽ ሥራ አይገኝም» ለተባለች የሒሳብ ምሩቅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ነዋሪነቴ ደሴ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ፤ ቋሚ ሥራ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ዳንቴል እሠራለሁ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለዘመድና ለጎረቤት በትእዛዝ እየሠራሁ ጥቂት ገንዘብ አገኛለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ‹ዳንቴል ይዘሽ ሥራ አይገኝም፤ እሱን ተይና ኮርስ ውሰጂ› ይለኛል። በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ነገር በእርግጥ ለሥራ ፍለጋ ይጠቅማል? ሲቪ ላይስ እንዴት ይጻፋል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

የወንድምዎ አባባል ግማሹ እውነት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅት ዳንቴል መውደድዎን ብሎ አይቀጥርዎትም። በማመልከቻዎ ላይ «ዳንቴል እሠራለሁ» የሚል መስመር ቢጨምሩ የቅጥር ኮሚቴው አንብቦት ያልፋል፣ ምናልባትም ፈገግ ይልበታል እንጂ ከሌሎቹ አመልካቾች አያስቀድምዎትም። ወንድምዎ የዘነጉት ግን ባለፉት ዓመታት ኪሮሽ ይዘው ሲቀመጡ የሠራው ጣትዎ ብቻ እንዳልነበረ ነው። ዋጋ ተምነዋል፣ ቀብድ ተቀብለዋል፣ ምን ያህል ክር እንደሚበቃ ገምተዋል፣ በቀጠሮ ቀን አስረክበዋል፣ በዱቤ የወሰደ ሰው ክፍያውን ሲያዘገይ ታግሠዋል ወይም አስታውሰዋል። ይህ ሁሉ አንድ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት ከሚጠየቀው ሥራ ጋር የሚቀራረብ ነው። በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ነገር ለሥራ ፍለጋ የሚጠቅመው በስሙ ሳይሆን በዚህ ጓዙ ነው፤ ጓዙ ደግሞ ሌላ ሰው ሊያየው በሚችል መንገድ ካልተያዘ ለቀጣሪው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

በሰው ኃይል ቅጥር ላይ እንደሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ስለ ሲቪው የመጨረሻ መስመር ጥቂት ልበል። በአገራችን በሚቀርቡ ሲቪዎች ግርጌ «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ፦ መጽሐፍ ማንበብ፣ ፊልም ማየት፣ መዝሙር ማዳመጥ» የሚል ነገር ማየት የተለመደ ነው። ማንበብና ፊልም ማየት አመልካቹን ከማንም አይለዩትም። መዝሙሩ ወይም መንዙማው ደግሞ ማንም ያልጠየቀዎትን ሃይማኖትዎን ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ሲቪ የሚያገላብጥ ሰው በልቡ የሚያደርገውን ምርጫ ግን ማንም ተከታትሎ አይደርስበትም።

ይህ ሥጋት በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች ለ316 የሕግ ቢሮዎች በትምህርትና በውጤት ፍጹም እኩል የሆኑ፣ በቤተሰብ ስም፣ በትርፍ ጊዜ ዝንባሌና በመሳሰሉ ጥቃቅን መስመሮች ብቻ የሚለያዩ የተማሪዎች ማመልከቻዎችን ልከው ነበር። የሸራ ጀልባ ስፖርት፣ ፖሎና ክላሲካል ሙዚቃ የተጻፈለት ወንድ አመልካች ከመቶ 16 ያህል ቢሮዎች ለቃለ መጠይቅ ጠሩት። ሩጫና የሰፈር እግር ኳስ የተጻፈለትን ወንድ የጠሩት ግን ከመቶ 2 እንኳ አልሞሉም። የሚገርመው ደግሞ ያንኑ የሀብታም ዝንባሌ የተሰጣት ሴት አመልካች የወንዱን ዕድል አላገኘችም። ዝንባሌን በስሙ ብቻ መጻፍ ማለት እንግዲህ ለአንባቢው ስለ ኑሮዎና ስለ ቤተሰብዎ እንዲገምት ፍንጭ መስጠት ነው፤ ስለ ችሎታዎ አንድም ነገር አይነግረውም። ስለዚህ «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ» የሚለውን መስመር ከሲቪዎ ያውጡት። ዳንቴሉ የሚጻፍበት ሌላ ቦታ አለው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ታዲያ ማሳለፊያ ሆኖ የሚቀረውን ነገር ክህሎት ከሚሆነው የሚለየው ምንድን ነው? በእኔ እይታ ዋናው መለያ ሥራውን ከእርስዎ ሌላ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። ቤተልሔም ደሴ ሐረር ውስጥ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገና በ9 ዓመቷ ኮምፒዩተር መነካካት እንደጀመረች፣ በኋላም አዲስ አበባ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ በሚሠራው አይኮግ ላብስ ለልጆች ኮዲንግ የሚያስተምሩ ፕሮጀክቶችን እስከ ማስተባበር እንደደረሰች ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ተሰጥኦ ነው። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር የሚታየኝ ሱቁ ነው። እዚያ ሱቅ ቪዲዮ የሚያስጭን፣ ሶፍትዌር የሚያስገባ፣ ገንዘብ ከፍሎ ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበር። ልጅ ቤቷ ተቀምጣ ኮምፒዩተር ብትነካካ ሲሰለቻት ትተወዋለች፤ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ግን የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሳም። እግር ኳስም ያው ነው። የአውሮፓ ጨዋታዎችን ሳምንቱን ሙሉ ከሚከታተለው ወጣት ይልቅ የሰፈሩን ቡድን ይዞ መዋጮ የሚሰበስበው፣ ሜዳ የሚያስፈቅደው፣ የተጣሉትን የሚያስታርቀው፣ ማልያው ሲጠፋ የሚጠየቀው ልጅ ስለ ሥራ የሚያውቀው ይበልጣል፤ ስለ ኳስ የሚያውቀው ቢያንስም እንኳ። በዚህ ሚዛን የእርስዎ ዳንቴል ከማሳለፊያነት ያለፈው የመጀመሪያዋ ጎረቤት «ለሠርጉ ይደርስልኛል?» ብላ የጠየቀችዎት ቀን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እርስዎ የሒሳብ ምሩቅ ነዎት፤ በእጅዎ ያለው ደግሞ ትንሽ ብትሆንም እውነተኛ የምርት ሥራ ናት። ለማሳያ አንድ የሶፋ ልብስ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ያስቀመጥኳቸው ስለሆኑ በራስዎ ቁጥሮች ይተኳቸው። ደንበኛዋ በ4,000 ብር ተስማማች፤ 1,500 ብር ቀብድ ሰጠች። ለክር 1,600 ብር ወጣ። ሥራው በድምሩ 80 ሰዓት ፈጀ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ሴቶች ከ4,000 ላይ 1,600 ቀንሰው «2,400 ብር አተረፍኩ» ይላሉ። ጉልበታቸውን ስላላሰቡት ነው እንጂ 2,400 ለ80 ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ነው የሚደርሰው። ይህ ገንዘብ ስሙ ትርፍ ሳይሆን የሠራተኛዋ ደመወዝ ነው፤ ያውም ለመብራቱ፣ ለትራንስፖርቱና ለስልኩ ምንም ሳይታሰብ። ለሰዓትዎ 35 ብር ብቻ ቢተምኑ የጉልበቱ ዋጋ 2,800 ብር፣ ከክሩ ጋር 4,400 ብር ይሆናል፤ ሥራው በ400 ብር ኪሳራ ተሸጧል ማለት ነው። ይህን ስሌት በዩኒቨርሲቲ በወጪ ሒሳብ ትምህርት ላይ ስለ አንድ ምናባዊ የወንበር ፋብሪካ ሠርተውታል። ልዩነቱ የዚህኛው ወጪ ከራስዎ ቦርሳ መውጣቱ ነው።

ምዝገባው ደግሞ ከስሌቱ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ያ 1,500 ብር ቀብድ እጅዎ በገባ ቀን ገቢ አይደለም፤ የሶፋው ልብስ እስኪረከብ ድረስ ለደንበኛዋ የሚከፈል ነገር ስለሆነ በዕዳ በኩል ይመዘገባል። ሠርጉ ቢቀርና ሴትዮዋ ገንዘቧን ብትጠይቅ የሚመልሱት እርሱን ነውና። በጅምር ያለው ሥራ በሂደት ላይ ያለ ምርት ነው። ከሥራው የተረፈው ክር የክምችት ዕቃ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ከመዝገብ አይጠፋም። ዕቃውን ተረክባ «ቀሪውን ደመወዝ ስቀበል» ያለችው ጎረቤት ተሰብሳቢ ሒሳብ ናት፤ ዓመት ከሞላትም ወደ አጠራጣሪ ተሰብሳቢነት ትዛወራለች፤ ጉርብትናው ሳይነካ ማለት ነው። በመውጫ ፈተና ላይ ስለ ቅድመ ክፍያ ገቢ የተጠየቀውን ጥያቄ በትክክል የመለሱ ብዙ ምሩቃን የተግባር ፈተና ሲሰጣቸው ቀብድን በቀጥታ ሽያጭ ውስጥ ሲያስገቡ አይቻለሁ። ደንቡ ጠፍቷቸው ሳይሆን ገንዘቡን እንደ ሌላ ሰው ገንዘብ ይዘው ስለማያውቁ ነው።

ስለ ክሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዳንቴል የማይሠራ ሰው አያውቀውምና። ክር ሥራው ሳያልቅ አልቆ ሌላ ሲገዙ፣ ያው ቀለም፣ ያው ምልክት ተብሎ የተሸጠልዎት ክር ከፊተኛው ጋር የማይገጥምበት ጊዜ አለ፤ የተነከረበት ዙር ይለያያል፣ ልዩነቱም በብርሃን ላይ ይታያል። ስለዚህ ልምድ ያላት ሠሪ ለሙሉው ሥራ የሚበቃውን ክር ገምታ በአንድ ጊዜ ትገዛለች። አብዝታ ከገዛች ገንዘቧ ክር ሆኖ ይቀመጣል፤ አሳንሳ ከገዛች ሥራው ይበላሻል። ይህ ችግር በማንኛውም ፋብሪካ ግዥና ዕቃ ግምጃ ቤት መካከል በየወሩ የሚነሳው ክርክር ነው። እርስዎ ይህን ክርክር ከራስዎ ጋር ስንት ጊዜ እንዳደረጉት ያስቡ። በቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ክምችት አስተዳደር ቢጠየቁ ከመጽሐፉ ትርጉም በፊት ይህን ቢናገሩ ጠያቂው ከወረቀቱ ቀና ይላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክሬ አንድ ነው፤ መዝገቡን በፒችትሪ፣ ማለትም በሒሳብ መያዣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ይያዙት። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከቀየረው ዓመታት ቢያልፉም፣ በእኛ አገር የሒሳብ ሠራተኛ የሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚነበበው አሁንም «ፒችትሪ» ነው። ማሠልጠኛዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምሩት በተዘጋጀ ምናባዊ ድርጅት ነው፤ ሠልጣኙ የትኛውን ቁልፍ ከየትኛው በኋላ እንደሚጫን ይሸመድዳል፤ ፈተና ላይ ያልተስተካከለ ደረሰኝ ሲሰጠው ግን ይቸገራል። እርስዎ የራስዎን ድርጅት ይክፈቱበት። የሒሳብ መደቦቹን ራስዎ ያውጡ፤ ክሩን በዓይነቱ በክምችት ያስገቡ፤ ደንበኞችዎን በኮድ ይመዝግቡ፤ የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያድርጉት። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ከተቀበሉ የእንቅስቃሴ ዝርዝሩን ከመዝገብዎ ጋር በየወሩ ያስታርቁ። መጀመሪያ ሲያስታርቁ ሒሳቡ እምቢ ይላል፤ አንድ ቦታ ለቤት ወጪ ያወጡት ገንዘብ ሳይመዘገብ ቀርቶ ይሆናል። ያንን የጠፋ 200 ብር ፍለጋ የሚያሳልፉት ምሽት ከኮርስ አይገኝም። በመጨረሻም የትርፍና ኪሳራ መግለጫውንና የሀብትና ዕዳ መግለጫውን አትመው ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ገጽ ኪሳራ ቢያሳይ አይደንግጡ፣ አይደብቁትም።

አሁን ስለ ሲቪው። «ዳንቴል መሥራት» ከሚለው ይልቅ በሥራ ልምድ ክፍል ውስጥ፣ በራስ የተሠራ መሆኑ በግልጽ ተጠቅሶ፣ እንዲህ ቢጻፍ እመርጣለሁ፦

«ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በግል፣ ደሴ። በትእዛዝ የሚሠሩ የዳንቴል ውጤቶች። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የክርና የሰዓት ወጪ መዝግቦ ዋጋ መተመን፤ የቀብድና የዱቤ ሒሳብ መያዝ፤ የክር ክምችት መቆጣጠር። የአንድ በጀት ዓመት ሙሉ እንቅስቃሴ በፒችትሪ ተመዝግቧል፤ መግለጫዎቹ ሲጠየቁ ይቀርባሉ።»

ከዚህ በላይ አያሳብጡት። «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚል ማዕረግ ለራሳቸው የሰጡ ጀማሪ አመልካቾች ሲቪ ሲመጣ ኮሚቴው መሳቁን የተመለከትኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ ያ ሳቅ አመልካቹ በእርግጥ የሠራውን ሥራ ጭምር ይዞት ይሄዳል። ንግድ ፈቃድ ከሌለዎት «ድርጅት» የሚለውን ቃል አይጠቀሙ፤ ሽያጩ እየበዛ ከሄደም የከተማዎን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቀው መስመር ያስይዙት። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር «ሲጠየቁ ይቀርባሉ» የምትለው ናት ሲቪውን የምትሸከመው። ለዚህ ነው መዝገቡን ሳይሠሩ መስመሩን እንዳይጽፉት የማሳስበው፤ ጠያቂ አይጠፋምና።

ቃለ መጠይቅ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚል መሆኑ የተለመደ ነው። አብዛኛው ሰው የትውልድ ቦታውንና የተማረበትን ትምህርት ቤት ይዘረዝራል፤ እነዚህ በኮሚቴው ፊት ባለው ወረቀት ላይ አሉ። እርስዎ ትምህርትዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለፉትና እንዲህ ያለ ነገር ይናገሩ፤ ለምሳሌ፦ «በትእዛዝ ዳንቴል እሠራለሁ። አንድ ጊዜ ተመን ከሰጠሁ በኋላ የክር ዋጋ ጨመረና ሥራውን በኪሳራ አስረከብኩ። ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ ዋጋ ስሰጥ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን አብሬ እጽፋለሁ።» ይህን የሚሰማ የሒሳብ ኃላፊ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ የሚጻፈው የመቆያ ጊዜ ለምን እንደተጻፈ የገባት ልጅ መሆንዎን ወዲያው ይረዳል። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ከደረሰብዎት ብቻ ይናገሩት፤ ካልደረሰብዎት የደረሰብዎትን ይፈልጉ፣ ሳይኖር አይቀርም። አንድ ወይም ሁለት የሥራዎን ፎቶግራፍ ከወጪ ሠንጠረዡ ጋር በአንድ ማኅደር ይዘው ይግቡ። ዳንቴሉን ራሱን ግን ይዘው አይሂዱ፣ በተለይም ለማንም አያበርክቱ፤ ስጦታና መማለጃ በቅጥር ክፍል በር ላይ አይለዩም።

ስለ ሚኒ ሚዲያው አጠር አድርጌ ልለፈው። በሰልፍ ላይ ለተሰበሰበ ተማሪ በተቆራረጠ ድምፅ ማጉያ ዜና ያነበበ ሰው አምስት ሰዎች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ሲናገር ድምፁ አይጠፋም። በርካታ የሬድዮ ሰዎች የጀመሩት ከዚያ ነው። ለሒሳብ ሥራ ግን ጥቅሙ በጎን በኩል ነው። ከዚያ የቀረዎት ንጹሕ አማርኛ የመጻፍ ልምድ ካለ በሥራው ላይ ይታያል፤ የሒሳብ ክፍል ለአመራር የሚያቀርበው የወር ሪፖርት በቁጥር ብቻ አያልቅም፣ «ወጪው ለምን ጨመረ?» ለሚለው ጥያቄ ሰው የሚረዳው ጽሑፍ መጻፍ ያስፈልጋል። የአማርኛ ትየባ በሁለቱም እጅ ከቻሉ ይህንኑ በክህሎት ክፍል ይጻፉት። የዜና አንባቢነቱን ደግሞ በትምህርት ክፍል ሥር በአንድ መስመር፣ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ካስቀመጡት በቂ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የማይሠራበት በር እንዳለም ማወቅ ይገባዎታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች የሥራ ልምድ የሚሉት በደብዳቤ የተደገፈውን ነው፤ ማስታወቂያዎቻቸውም «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» ይላሉ። ከዚህ በር ፊት ዳንቴልዎ ዋጋ የለውም፤ «2 ዓመት» ለተባለበት መደብ ይዘውት ቢቀርቡ ሰነድ ተቀባዩ ይመልስዎታል፤ ሰነድ ተቀባዩን መቆጣትም አይጠቅምም፣ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ለእርስዎ የሚሆነው «0 ዓመት» የሚለው መደብ ነው። እዚያ ሁሉም አመልካች ዲግሪ፣ የመውጫ ፈተና ውጤትና ባዶ ልምድ ይዞ ስለሚቀርብ፣ የተግባር ፈተናውን በእርጋታ የሠራና የራሱን መዝገብ ያሳየ ሰው በግልጽ ይለያል። በግል ድርጅቶች ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለሙከራ ጊዜ የፈቀደው ከ60 የሥራ ቀናት ያልበለጠ ነው። ቀጣሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከመጀመሪያው ማስተማር ያለበትን ሰው ከመውሰድ ቀድሞ ደረሰኝ የነካውን ሰው መውሰድ ይቀለዋል።

በዚህ አጋጣሚ ከዲግሪ ይልቅ የእጅ ሙያ ለያዙ ሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጠቁም። ስልክና ሬድዮ እየፈታ የተማረ፣ ቤት ውስጥ በምግብ ዝግጅት ወይም በልብስ ስፌት የበሰለ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ ከሀ መጀመር የለበትም። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተዘረጋው የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ችሎታው የት ተገኘ ሳይሆን በወጣለት የሙያ ደረጃ ልክ አለ ወይ ብሎ ይመዝናል፤ ሰዉ «ሲኦሲ» የሚለው የብቃት ምዘና ይህ ነው። በልምድ የተማረም ሰው ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። በማሳለፊያ የተገኘ ችሎታ ሰነድ ብቻ በሚቀበል በር የሚገባበት አንዱ መንገድ ይህ ስለሆነ፣ በየአካባቢያችሁ ያለውን የምዘና ማዕከል የትኞቹን ሙያዎች እንደሚመዝን ጠይቁ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የት ያመልክቱ? ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ኮምቦልቻ አለ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የቆየ ነው፤ በልብስ ስፌት ላይ ያተኮሩ ድርጅቶችን ለማስገባት የታሰበው የኢንዱስትሪ ፓርክም በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን ነክቷታል፣ በዚያው ዓመት ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ዕድል በመውጣቷ ወደ አሜሪካ ይላክ የነበረው ልብስ ከቀረጥ ነጻ መብቱን አጥቷል። ስለዚህ ቅጥሩ መጀመሪያ እንደተወራው ነው ብዬ አላታልልዎትም። ቢሆንም ክር፣ ጨርቅና ልብስ በሚነካ ማንኛውም ድርጅት የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ በዚያ ቦታ ስለ ክር ብክነት፣ ስለ ተፈትቶ እንደገና ስለሚሠራ ሥራና ስለ ሰዓት ግምት ከእጇ የምታውቅ ምሩቅ ከሌሎች ጋር እኩል አትታይም። ፋብሪካ ብቻ አያስቡ። የክርና የጨርቅ አከፋፋዮች፣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የሚያሰፉ ድርጅቶች፣ የሸማ ሠሪዎች ማኅበራት ሁሉ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹም ማስታወቂያ በጋዜጣም በቴሌግራምም ሳያወጡ በሚያውቁት ሰው በኩል ይቀጥራሉ። ክር የሚገዙበት ሱቅ ባለቤት እርስዎን ያውቁዎታል። ሒሳብ መማርዎን ያውቃሉ? ካላወቁ ይንገሯቸው።

ኮርሱን በተመለከተ ከወንድምዎ ጋር የምለያየው «ተይና» በሚለው ቃል ላይ ብቻ ነው። ኮርስ ይውሰዱ፤ ነገር ግን ከሦስትና አራት የምስክር ወረቀት ይልቅ ፒችትሪንና ኤክሴልን አጥብቀው ይያዙ። ኢንተርኔት ካለዎት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር የዳታ ትምህርትን በነጻ ስለሚሰጥ በትርፍ ሰዓት ይሞክሩት፤ ለሒሳብ ሰው የማይሆን አይደለም። ዳንቴሉን ግን አይተዉት፤ የሚለማመዱበት መዝገብ የሚመጣው ከእርሱ ነው። እንዲያውም ከማንም ትእዛዝ ውጪ፣ ለራስዎ ደስታ ብለው የሚሠሩትም ይኑርዎት፤ ለእርሱ ዋጋ አያውጡለት፣ መዝገብ ላይም አያስገቡት።

የጊዜ አከፋፈሉን ከሥራው ወቅት ጋር ያስማሙት። በጥር የሠርግ ወር፣ ከፋሲካ በኋላና ከረመዳን በፊት ባሉት ሳምንታት ትእዛዝ ስለሚበዛ ኮርስ መጀመር አይመከርም። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይኖር እጅዎ ይፈታል፤ ፒችትሪውን ያን ጊዜ ይማሩ፤ እስከ ሰኔ ድረስ በእጅዎ ያለውን የድሮ ደረሰኝና የደብተር ማስታወሻ እያስገቡ ይለማመዱ፤ ትክክለኛውን መዝገብ ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን ይክፈቱ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ቤት ውስጥ ያለውን ክር ሁሉ በዓይነትና በቀለም ለይተው ይቁጠሩ፣ የገዙበትንም ዋጋ አጠገቡ ይጻፉ፤ ፕሮግራሙ የመነሻ ሚዛን ሲጠይቅዎ በክምችት መደብ የሚያስገቡት ቁጥር ይህ ነው።